ከሕክምና ተቋማት የሚወጣ አደገኛ ቆሻሻና ማቃጠያው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ነርሶች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የማቃጠያ ኦፕሬተሮች፣ የክሊኒክ ባለቤቶችና ከሆስፒታል አጥር ጎን የሚኖሩ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በኢትዮጵያ ያለውን አሠራር በማሰብ ነው። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ማቃጠያው ቢሆንም መልሱ ደጋግሞ ወደ ታካሚው አልጋ ይመልሰናል፤ ማቃጠያ ውስጥ የሚታየው ችግር ብዙውን ጊዜ የተጀመረው ዋርድ ውስጥ ነውና።

ከሆስፒታል የሚወጣ ቆሻሻ ሁሉ አደገኛ ነው?

አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከመኖሪያ ቤት ቆሻሻ የተለየ አይደለም፤ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የምግብ ትርፍራፊ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ነው። በሽታ የሚያስተላልፈው፣ መርዛማው ወይም ጨረር ያለው 15 በመቶ ያህሉ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይህ አደገኛ ክፍል በአንድ አልጋ በቀን በአማካይ 0.2 ኪሎ ግራም ይገመታል።

ይህን በ200 አልጋ ብናባዛው በቀን 40 ኪሎ ይሆናል። በጋሪ ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ የሚያልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ደም የጠጣ ጎዝ ካርቶንና የሙዝ ልጣጭ ወዳለበት ቢን ሲገባ ቢኑ በሙሉ አደገኛ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መልሶ መልቀም አይፈቀድም። ምንም በማይለይበት ሆስፒታል ያ 40 ኪሎ ከ250 ኪሎ በላይ ሆኖ ያድራል። ያን ጊዜ ማቃጠያው አይችለውም፣ ናፍጣው አይበቃም፣ ያልተቃጠለው ግቢ ውስጥ ይከመራል። አስተዳደሩ “ማቃጠያችን አነሰን” ብሎ አዲስ ማቃጠያ ከመጠየቁ በፊት ለአንድ ሳምንት ቢጫውን (የተላላፊውን) እና ጥቁሩን (የተራውን) ላስቲክ ለየብቻ ያስመዝን። ብዙ ጊዜ ያነሰው ማቃጠያው አይደለም።

አደገኛ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ስለታማ ነገሮች (መርፌ፣ ካኑላ፣ ላንሴት፣ የቀዶ ሕክምና ምላጭ፣ የተሰበረ አምፑል)፣ ደምና የሰውነት ፈሳሽ የነካቸው ነገሮች፣ የላቦራቶሪ ናሙናና ካልቸር (ለምርመራ የተራባ ተህዋሲያን)፣ የሰውነት ክፍሎችና እንግዴ ልጅ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የካንሰር መድኃኒት ቅሪት፣ ኬሚካል፣ ሜርኩሪ ያለበት መሣሪያ፣ ጨረር አመንጪ ነገሮች። ሁሉም አደገኛ ይባሉ እንጂ መንገዳቸው አንድ አይደለም። “አደገኛ ነው” ማለት “ይቃጠላል” ማለት እንዳልሆነ ከታች እናየዋለን።

ቆሻሻ መለየት የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አይደለም እንዴ?

አይደለም። የሚለየው ያመነጨው ሰው ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ደቂቃ። መርፌውን የወጋው ነርስ መርፌው የት እንዳለ ያውቃል። ላስቲኩን አንስታ የምትሸከመው ሠራተኛ ግን አታውቅም። ላስቲኩ እግሯን ሲነካ መርፌው ወጥቶ የሚጠብቃት እሷን ነው። ጓንት፣ ወፍራሙም ቢሆን፣ መርፌን ሙሉ በሙሉ አያቆምም።

በአገራችን ተቋማት የተለመደው ቀለም ጥቁር ለተራ ቆሻሻ፣ ቢጫ ለተላላፊ ነው። ስለታማው ደግሞ ሴፍቲ ቦክስ (ለስለታም ነገር ተብሎ የተሠራ ሳጥን) ውስጥ ይገባል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል፤ ሥልጠናውን ሁሉም ወስዷል። ታዲያ ለምን ይቀላቀላል? በብዛት የማየው ምክንያት ርቀት ነው። ቢጫው ቢን ኮሪደር ላይ፣ ጥቁሩ አልጋው አጠገብ ከሆነ ሁሉም ነገር ጥቁሩ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ሴፍቲ ቦክሱ ደግሞ ከመርፌ መውጊያ ትሪው ጋር አብሮ ይሂድ።

ሁለተኛው ምክንያት የላስቲክ ማለቅ ነው። ቢጫ ላስቲክ ሲያልቅ በጥቁር መተካት አደገኛ ልማድ ነው፤ የሚጭነው ሰው ጥቁር ሲያይ ተራ ቆሻሻ ነው ብሎ ያምናል። የግድ ከሆነ ላስቲኩ ላይ በማርከር “ተላላፊ” ብሎ በትልቁ መጻፍና ከጥቁሮቹ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው አስታማሚ ነው። ምሳ ይዞ የመጣ ቤተሰብ የትኛው ቢን ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም። የእንጀራ ፍርፋሪ ቢጫው ውስጥ፣ የተነቀለ ፕላስተር ጥቁሩ ውስጥ ይገኛል። ታካሚው በተኛ ዕለት ከሚሰጠው ምክር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ ይለውጣል።

ሴፍቲ ቦክስ መቼ ነው የሚዘጋው?

ሦስት አራተኛው ሲሞላ። ከዚያ በላይ ሲጠቀጠቅ መርፌ በአፉ ወይም በጎኑ ይወጣል። 5 ሊትር የሚይዘው የካርቶን ሳጥን 100 ያህል ሲሪንጅ ይይዛል፤ የክትባት ዘመቻ የሚያቅድ ሰው ከዚህ ተነስቶ ማስላት ይችላል።

መርፌውን ክዳኑን መልሶ መክደን፣ ማጠፍ ወይም በእጅ ከሲሪንጁ መንቀል የለም። እንዳለ ይግባ። የሞላ ሳጥን ገልብጦ እንደገና መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ “ሳጥን አጠረን” ለዚህ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሳጥን ከጠፋ ጠባብ አፍ ያለው፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ጠንካራ የፕላስቲክ ጀሪካን “ስለታማ” ተብሎ ተጽፎበት ሊተካ ይችላል። የካርቶኑ ሳጥን እርጥበት አይወድም። መሬት ላይ፣ በተለይም ወለሉ በሚታጠብበት ቦታ፣ አይቀመጥ።

መርፌ ወጋኝ። ምን ላድርግ?

ወዲያውኑ ሥራውን አቁመው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠቡ። አይጭመቁት፣ አይምጠጡት፣ በረኪና ወይም አልኮል አያፍስሱበት። ፈሳሹ ዐይን ውስጥ ከገባ በንጹህ ውኃ ደጋግመው ያጥቡ። ከዚያ በዚያው ሰዓት ለኃላፊው ያሳውቁ። “ሽፍቴ ካለቀ በኋላ” አይሁን።

የሚያስቸኩለው ይህ ነው፦ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት (ባለሙያዎች ፔፕ የሚሉት) በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። መርፌው ቫይረሱ ካለበት ሰው የወጣ ከሆነ በአንድ ውጊያ የመያዝ ዕድሉ ለኤች አይ ቪ 0.3 በመቶ፣ ለሄፓታይተስ ሲ 1.8 በመቶ፣ ላልተከተበ ሰው ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ እስከ 30 በመቶ እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀምጣል።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይመልከቱ። ሁሉም ሰው የሚፈራው ኤች አይ ቪን ነው፤ ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለው ግን ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ለእሱ ደግሞ ክትባት አለው። ክትባቱ በሦስት ዙር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። ሐኪምና ነርስ ተከትበው የጽዳት ሠራተኛ፣ የልብስ አጣቢና የማቃጠያ ኦፕሬተር ሳይከተቡ የቀሩበት ተቋም ካለ ይህ ነገ ሳይሆን ዛሬ መስተካከል ያለበት ነው። በኤጀንሲ የተቀጠሩትም ይጨመራሉ። መርፌው የቅጥሩን ውል አይጠይቅም።

ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለም፤ የተወጋው ሰው በቀጠሮ እየተመረመረ መከታተል አለበት፤ ከታየበት የሚያድን መድኃኒት አለ። አደጋው በመዝገብ ይጻፍ። መዝገቡ የሚያስፈልገው ማንንም ለመቅጣት አይደለም፤ ከየትኛው ክፍል መርፌ እንደሚወጣ ለማወቅ ነው። ቅጣት ያለበት ቦታ ሪፖርት አይኖርም።

ቆሻሻውን በበረኪና ዘፍዝፈን ተራ ቆሻሻ ውስጥ መጣል እንችላለን?

አይቻልም። ክሎሪን ለወለል፣ ለፈሰሰ ደምና ለዕቃ ጥሩ ነው። በ5 በመቶ በረኪና ላይ ዘጠኝ እጥፍ ውኃ ሲጨመርበት 0.5 በመቶ ይሆናል፤ በተቋማት የሚሠራበትም ይኸው ነው። ነገር ግን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ወይም ደም በጠጣ ጎዝ መሐል በአስተማማኝ ሁኔታ አይደርስም፤ ደሙ ራሱ ክሎሪኑን ያዳክመዋል። በዚያ ላይ መርፌው ከተዘፈዘፈም በኋላ መርፌ ነው፤ ይወጋል። በክሎሪን የራሰ ቆሻሻ ማቃጠያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። እርጥበቱ እሳቱን ያቀዘቅዛል፣ ክሎሪኑም መርዛማ ጭስ ለመፍጠር የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ያቀብላል።

ለምን ይቃጠላል? ሌላ መንገድ የለም?

ማቃጠል ተህዋሲያንን ይገድላል፣ መጠኑን በጣም ይቀንሳል፣ ሲሪንጅና መርፌ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዳይውል ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ላይ ደህንነቱ ባልተጠበቀ መርፌ ምክንያት እስከ 1.7 ሚሊዮን አዲስ የሄፓታይተስ ቢ፣ እስከ 315,000 የሄፓታይተስ ሲና እስከ 33,800 የኤች አይ ቪ መያዝ እንደነበረ ተገምቷል።

ሌላው መንገድ በእንፋሎት ማከም ነው። ኦቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ባነሰ ጊዜ፣ ተላላፊውን ቆሻሻ ተራ ያደርገዋል፤ ጭስ የለውም። እኔ መብራትና ውኃ የማይቋረጥበት ሆስፒታል ቀስ በቀስ ወደዚህ እንዲሄድ እመክራለሁ። ግን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦቶክሌቭ መድኃኒት፣ ኬሚካልና የሰውነት ክፍል አያክምም፤ መፍጫ ካልተጨመረለትም መጠኑን ብዙ አይቀንስም። እንፋሎቱ እስከ መሐል መድረሱን የሚያረጋግጥ የቀለም ጠቋሚ በየዙሩ፣ የስፖር ምርመራ (ሙቀት የሚቋቋሙ ተህዋሲያን መሞታቸውን የሚያሳይ) ደግሞ በየጊዜው ያስፈልገዋል። የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቀልበት ማሽን ለቆሻሻ አይውልም፤ የቆሻሻው ለብቻው መሆን አለበት።

ማቃጠያው በትክክል ሲሠራ ምን ይመስላል?

ደህና ማቃጠያ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ቆሻሻው ይቃጠላል። ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ወደ ሁለተኛው ይገባና እንደገና ይቃጠላል። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ጋዙ ቢያንስ 850 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰከንድ መቆየት አለበት፤ ክሎሪን የበዛበት ቆሻሻ ከሆነ 1,100 ዲግሪ ይፈለጋል። ዘመናዊ በሚባሉት ላይ ከዚህ በኋላ ጋዙን በፍጥነት የሚያቀዘቅዝና የሚያጣራ መሣሪያ ይከተላል። ፍጥነቱ የሚያስፈልገው ዳይኦክሲንና ፉራን የተባሉት መርዞች ጋዙ ከ450 ወደ 200 ዲግሪ ሲወርድ እንደገና ስለሚፈጠሩ ነው።

ኦፕሬተሩ ማድረግ ያለበት ከዚህ ይከተላል። ቆሻሻ ከመግባቱ በፊት ምድጃው በናፍጣ ወይም በደረቅ እንጨት ይሙቅ። ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ በቀዝቃዛ ምድጃ ላይ ላስቲክ ጭኖ ክብሪት መጫር የዕለቱን መርዝ ሁሉ በመጀመሪያው ሰዓት ወደ ሰፈሩ መልቀቅ ነው። ከዚያ ጥቂት በጥቂት ይጨመር፤ እርጥቡና ደረቁ ይቀያየሩ፤ ሁሉም ላስቲክ በአንድ ላይ አይግባ። የመጨረሻው ከገባ በኋላም እሳቱ ወዲያው አይጥፋ። አመዱ የሚወጣው ቀዝቅዞ ሲያድር ነው።

ጭሱ ራሱ ይናገራል። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ፕላስቲክ በአንዴ መብዛቱን ያሳያል። ነጭ ወፍራም ጭስ ምድጃው አለመሞቁን ወይም ቆሻሻው እርጥብ መሆኑን። በደንብ የሚሠራ ማቃጠያ ከጭስ ማውጫው ላይ የሙቀት መንቀጥቀጥ እንጂ ጭስ ብዙም አይታይበትም። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው መስኮት ሆኖ ይህን ማየት ይችላል።

ኦፕሬተሩ ምን ይልበስ? ወፍራም ጓንት፣ ሽርጥ፣ ቦቲ፣ የዐይን መከላከያ፣ የአፍ መሸፈኛ። አምፑል ይፈነዳልና የፊት ጋሻ ይጨመርበት። ማታ ቤቱ በዚያው ልብስ ሄዶ ልጁን እንዳያቅፍ መታጠቢያና መቀየሪያ ቦታም ያስፈልገዋል። ይህን የሚረሳ ተቋም ብዙ ነው።

በግቢያችን ያለው የጡብ ማቃጠያ በቂ ነው?

በጤና ጣቢያዎችና በብዙ ሆስፒታሎች የሚታየው የጡብ ማቃጠያ አብዛኛው ዲሞንትፎርት ከተባለው ንድፍ የመጣ ነው። ንድፉ በእንግሊዝ አገር በሚገኘው ዲሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ለድሃ አገሮች ተብሎ የተሠራ፣ በአገር ውስጥ ጡብና ብረት የሚገነባ፣ ሁለት ክፍል ያለው ነው። ጭስ ማጣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ዓለም አቀፉን የጭስ መለኪያ አያሟላም። ይህ በግልጽ መነገር አለበት። መርፌን ሜዳ ላይ ከመጣልና ጉድጓድ ውስጥ ከማቃጠል ግን እጅግ ይሻላል፤ የተሻለው እስኪመጣ የሚያገለግል የመሸጋገሪያ መንገድ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው አያያዙ ነው። የተሰነጠቀ ጡብ፣ የማይገጥም በር፣ የበሰበሰ ጭስ ማውጫ ሙቀቱን ያወርዱታል። ጣሪያ ከሌለው ዝናብ ይገባል። አጥር ከሌለው ውሻና ሕፃን ይገባል። ኦፕሬተሩ ካልሠለጠነ ማቃጠያው ምድጃ መሆኑ ይቀርና ቆሻሻ የሚጨስበት የጡብ ክፍል ይሆናል። ለጥገና በጀት ሳይያዝ የተሠራ ማቃጠያ ዕድሜው አጭር ነው፤ በየክልሉ ቆመው የቀሩትን ያየ ሰው ያውቀዋል።

ምን ምን አይቃጠልም?

ይህ ዝርዝር ማቃጠያው በር ላይ መለጠፍ አለበት። የግፊት ጋዝ ያለበት ቆርቆሮ (ለምሳሌ የአስም መንፊያ) ይፈነዳል። የታሸገ አምፑልና ብልቃጥ ይፈነዳል፤ የቀለጠው ብርጭቆም የምድጃውን ወለል ይዘጋዋል። የሜርኩሪ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ሲቃጠል ሜርኩሪው ተንኖ ወደ አየር ይወጣል። የኤክስሬይ ፊልምና ማጠቢያው፣ ባትሪ፣ ብዛት ያለው ኬሚካል፣ ጨረር አመንጪ ነገር አይገቡም። የካንሰር መድኃኒት ለመጥፋት 1,200 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የጡቡ ማቃጠያ አጠገቡም አይደርስ።

አከራካሪው ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ነው። የደም ከረጢት፣ ብዙ የግሉኮስ ከረጢትና ቱቦ ከእሱ ይሠራሉ፤ ክሎሪን አለው፣ ሲቃጠል ዳይኦክሲን ይሰጣል። ሲሪንጅ ግን በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ክሎሪን የለውም። ስለዚህ ደም ያልነካው ባዶ የግሉኮስ ከረጢት ቢጫው ውስጥ ገብቶ ባይቃጠል ጭሱ በእጅጉ ይሻሻላል። ይህን አንድ ልማድ ብቻ መቀየር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ ለውጥ ነው።

የሜርኩሪ ነገር ከተነሳ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት የሜርኩሪ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ማምረትና መነገድ በ2020 እንዲያበቃ ወስኗል። የተሰበረ ቴርሞሜትር ቢገጥምዎ በመጥረጊያ አይጥረጉ፤ ይበታተናል። መስኮት ከፍተው፣ ጠብታዎቹን በጠንካራ ወረቀት ሰብስበው፣ ውኃ ያለበት ክዳናም ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጡ።

የምንኖረው ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ነው። ጭሱ ይጎዳናል?

ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ “ሆስፒታል ነው፣ ምን ይደረጋል” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በደንብ ካልተቃጠለ ቆሻሻ የሚወጣ ጭስ ዐይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ አስም ያለበትን ያስነሳል። የረጅም ጊዜው ሥጋት ዳይኦክሲን ነው። ከዳይኦክሲን ዓይነቶች በጣም መርዛማ የሆነውን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። ሰውነት ውስጥ ከገባ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል።

ሰው የማያስበው ነገር እዚህ አለ። ዳይኦክሲን ወደ ሰው የሚገባው ከ90 በመቶ በላይ በምግብ ነው፤ በሥጋ፣ በወተት፣ በዓሣ። ከጭስ ማውጫው ወጥቶ ሣር ላይ ያርፋል፤ ላሟ ሣሩን ትግጣለች፤ ስቡ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማቃጠያው ዙሪያ ላምና በግ ማሰማራት፣ ሣሩን አጭዶ መሸጥ፣ ዶሮ ማሰማራት መቅረት አለበት። በክልል ከተሞች ይህ የተለመደ ነው፤ አስተዳደሩም ሣሩን በጨረታ ይሸጣል። እባካችሁ አቁሙት።

ሆስፒታሉን መጠየቅ የምትችሉት ይህን ነው፦ ምድጃው ቀድሞ ይሞቃል ወይ? የጭስ ማውጫው ከአካባቢው ቤቶች ጣሪያ በላይ ነው ወይ? የሚቃጠለው በየትኛው ሰዓት ነው? ነፋስ በሌለበት ማለዳና ምሽት ጭስ መሬት ላይ ይተኛል፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ማቃጠል ይሻላል። መልስ ካጣችሁ በጽሑፍ አመልክታችሁ ግልባጩን ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጉዳት ባይደርስበትም እንኳ ማንም ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። ኢትዮጵያ ደግሞ ዳይኦክሲንን ለመቀነስ የሚያስገድደው የስቶክሆልም ስምምነት አባል ናት።

አመዱ ምን ይደረግ?

አመድ ንጹህ አይደለም። መርፌው አልቀለጠም፤ አመዱ ውስጥ እንደ መርፌነቱ አለ። ከባድ ብረቶችም አሉ። ለአትክልት ማዳበሪያ አይሆንም፣ መንገድ ላይ አይበተንም። በጓንትና በአካፋ ተሰብስቦ፣ ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ የተሠራ፣ ክዳን ያለው የአመድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ያልተቃጠለ ጎዝ ወይም ሲሪንጅ አመዱ ውስጥ ካዩ የዚያ ቀን ማቃጠል አልተሳካም ማለት ነው፤ ተመልሶ ይግባ።

እንግዴ ልጅና የተቆረጠ አካልስ?

እንግዴ ልጅ ውኃ የበዛበት ስለሆነ ለትንሽ ማቃጠያ አይመችም። ለእሱ የተለየ ጉድጓድ ይሠራል፤ ጠንካራ ክዳንና የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው፣ ከውኃ ጉድጓድ 50 ሜትር የራቀ፣ ወለሉ ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ። በረኪና አይጨመርበት። እንዲበሰብስ የሚያደርጉት ተህዋሲያን ናቸው፤ ክሎሪን ይገድላቸዋል፣ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል።

ቤተሰብ እንግዴ ልጁን ወስዶ መቅበር ሲፈልግ ባለሙያው ሊቆጣ አይገባም፤ በብዙ አካባቢ ወግ ነው። በማያፈስ ላስቲክ ደርቦ መስጠት፣ ጠልቆ እንዲቀበርና ውሻ እንዳያወጣው መንገር ይበቃል። የተቆረጠ እጅ ወይም እግር ደግሞ ቀድሞ ታካሚውን ወይም ቤተሰቡን መጠየቅ ይገባል። ብዙዎች በመቃብር ስፍራ በክብር እንዲያርፍ ይሻሉ፤ የሰው አካል ነውና ከጎዝ ጋር በአንድ ጋሪ አይሂድ።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አለን። ሽንት ቤት ብንጨምረውስ?

አይሆንም፤ ወደ ውኃ ይደርሳል፣ ፀረ ተህዋሲያኑም መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ያበዛል። መድኃኒቱ ያለበት ክፍል ዘርዝሮ፣ ለይቶ፣ ቆልፎ ያስቀምጥ፤ አወጋገዱ የሚፈጸመው ተቆጣጣሪው አካል ባለበትና በሚሰጠው ፈቃድ ነው። ትንሽ ክኒን ከሆነ ከማሸጊያው ወጥቶ፣ ተፈጭቶ፣ ከሲሚንቶ፣ ከኖራና ከውኃ ጋር ተቦክቶ እንዲጠነክር ማድረግ ይቻላል። የካንሰር መድኃኒት ወደ አቅራቢው እንዲመለስ ግዢው ሲፈጸም ውሉ ላይ ይግባ።

ቆሻሻው ሳይቃጠል ስንት ሰዓት መቆየት ይችላል?

በሞቃት አካባቢ በቀዝቃዛው ወቅት 48 ሰዓት፣ በሞቃቱ ወቅት 24 ሰዓት ነው ገደቡ። አፋር ወይም ጋምቤላ ያለ ሆስፒታል በ24 ሰዓቱ ይሂድ። ማቆያው የሚቆለፍ፣ ወለሉ የሚታጠብ፣ አይጥ የማይገባበት፣ ከኩሽናና ከውኃ ታንከር የራቀ ይሁን።

ትንሽ ክሊኒክ ነን፣ ማቃጠያ የለንም። ለማዘጋጃ ቤት መኪና ብንሰጠውስ?

አትስጡ። የከተማው መኪና የሚወስደው ተራ ቆሻሻ ነው፤ ረጲ ያለው ኃይል ማመንጫም የተሠራው ለከተማ ደረቅ ቆሻሻ ነው። ከክሊኒካችሁ የወጣ መርፌ መጀመሪያ የሚያገኘው ቤት ለቤት የምትሰበስበዋን የማኅበር ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ቆሻሻ ክምር ላይ ፕላስቲክና ብረት የሚለቅሙትን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ሲያልቅ አገር ሁሉ እንዳየው፣ እዚያ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

መንገዱ ማቃጠያ ካለው ሆስፒታል ወይም ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር ውል መፈራረም ነው። ቆሻሻው በተመዘነ፣ በታሸገና ምልክት ባለው ዕቃ ይሂድ፤ ሰጪና ተቀባይ የሚፈርሙበት ቅጽ ይኑር። ያለ ቅጽ የወጣ ቆሻሻ የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም፣ ተጠያቂነቱ ግን ከእናንተ አይወርድም። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የወጣው ለዚሁ ነው።

እናቴ ቤት ውስጥ ኢንሱሊን ትወጋለች። መርፌውን የት ልጣል?

ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ይፈልጉ፤ የበረኪና ወይም የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ጥሩ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል። “መርፌ አለበት፣ አይከፈት” ብለው ይጻፉበት፤ ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ። እናትዎ እንደወጉ መርፌውን ሳይከድኑ ይጨምሩት፤ ዐይናቸው ከደከመ እርስዎ ይጨምሩላቸው። የስኳር መለኪያ ላንሴቱም እዚያው ይገባል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን አጥብቀው፣ በፕላስተር ጠቅልለው፣ መድኃኒት ለመውሰድ ሲሄዱ ወደ ጤና ጣቢያው ይዘውት ይሂዱና ለነርሷ ያስረክቡ። አንቀበልም ቢሉዎ የጤና ጣቢያውን የአካባቢ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።